የእናቴ የኮርች አጥር

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ጨለለቂ የሚባለው ሰፈር ላይ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ከባጃጁ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ለሁለት በሚከፍለው አፈር ላይ ወጣቶች ጉድጓድ ቆፍረው ችግኝ ይተክላሉ። አንዷ ልጅ ጓንቷን አውልቃ ክንዴን ያዘችና ቦዩን አሻገረችኝ። ምን እንደሚተክሉ ጠየቅኳት።

"ለከተማ ማስዋቢያ እንደዚህ የሚሆን ዛፍ የለም፣ አዴ" አለችኝ፣ እማማ ለማለት። "በበጋ አጠጡኝ አይልም። ሌላው ሲደርቅ እሱ ያብባል። እሾሁ ደግሞ ከብት ያርቅልናል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ኮርች ነው፤ እኛ በኦሮምኛ ዋሌንሱ የምንለው። እግዚአብሔር ይባርካችሁ ብያት መንገዴን ቀጠልኩ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ የተናገረችውም ሁሉ እውነት ነው። ቤት ስገባ ግን ዘንቢሌን ደጃፍ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። ልጄ ደም ግፊት መስሏት መለኪያውን ልታመጣ ስትነሳ፣ ተቀመጪ፣ ንዴት ነው አልኳት። በማን ተናደድሽ አለችኝ። አንቺ ሳትወለጂ በሞተ ሰው አልኳት። ሳቀች። እኔም እንድትስቅ አልፈልግም ነበርና ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። ለእሷ እንደነገርኳት እዚህም እጽፈዋለሁ።

ያደግኩባት ትንሽ ከተማ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጉቴን አልፈው አኖ ሳይደርሱ ያለች ናት። ስሟን አልጠራም። ሰውየውንም ግራዝማች ብቻ ብዬ አልፈዋለሁ፤ የልጅ ልጆቹ ደህና ሰዎች ናቸው፣ በአያታቸው ሥራ አልወቅሳቸውም። ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከተማ የሚባለው በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈ የሣርና የቆርቆሮ ቤት ነበር። በክረምት ጭቃው የጭነት መኪና ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ቀይ አቧራው የሰውን ቅንድብና ሽፋሽፍት ሳይቀር ያቀላል።

አባቴ ኦቦ ቶሌራ የቡና ነጋዴ ቅጥረኛ ሆኖ ከጊምቢ በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከእናቴ ከአዴ ዲንቂቱ ጋር ሲጋቡ ያገኙት መሬት ሰው የናቀው ነበር፤ ድንጋይ የበዛበት ተዳፋት፣ ውሃ የማይቋጥር። አባቴ መጀመሪያ ጥድ ተከለ፣ ደረቀ። ሌላም ሞከረ፣ እሱንም ፀሐይ በላው። በመጨረሻ ከወንዝ ዳር የዋሌንሱ ቅርንጫፍ እየቆረጠ በትከሻው ተሸክሞ አመጣና አንዱን ከአንዱ አስጠግቶ አፈር ውስጥ ቸከለው። ሥር የለው፣ ቅጠል የለው፤ እናቴ ማገዶ የቀበረ መስሏት እንደሳቀችበት ትነግረን ነበር። ዝናብ ሳይጥል በፊት እንጨቱ አቆጠቆጠ።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ያ እንጨት ግድግዳ ሆኗል። ግንዱ ግራጫ ነው፣ እንደ ጣት ጫፍ የደነደነ እሾህ አለው። በክረምት ሰፋፊ ቅጠሉ አጥሩን ይሸፍነዋል። ኅዳር ሲገባ ቅጠሉን ሁሉ ያራግፍና ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ያብባል፤ ያ አበባ ቀይ ማለት አይበቃውም፣ ፍም ነው የሚመስለው። አባቴ አቆራረጡን ያውቅበት ነበር። በመንገዱ በኩል ያለውን ዝቅ አድርጎ እየከረከመ አበባው ከሚያልፈው ሰው ዓይን ጋር እንዲገናኝ ያደርገዋል። በጎንና በጎን ያለውን ለጥላ ብሎ ከፍ ያደርገዋል። ሾፌሮች እዚያ ጥላ ሥር ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። ከብቶቻችን ቅጠሉን ይበላሉ። እኛ ልጆቹ ቀዩን ፍሬ በክር እየሰካን አንገታችን ላይ እናስራለን።

ከጎናችን ያለው ግቢ የግራዝማች ነው። እሱም አባቴን ይህ አጥር አዲስ አበባ ካሉት የመኳንንት ግቢዎች አያንስም ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሁለታችን መካከል ያለው አጥር ወደ ታች ወርዶ በእኛ በኩል ካለው ምንጭ ጋ ይቆማል። በእኛ በኩል፣ አጥሩን ተከትሎ፣ አባቴ የተከለው ቡናና ወደ ምንጩ የሚያወርድ ቀጭን መንገድ ነበር። የግራዝማች ግቢ ውሃ የለውም። ሠራተኞቹ ጠዋት ማታ በእኛ ግቢ አልፈው ይቀዱ ነበር፤ እናቴ አንድም ቀን ፊቷን አጥቁራባቸው አታውቅም። ይህን የምናገረው ሰውየው የተጠማ ሰው እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው።

አባቴ እኔ ትምህርቴን በጨረስኩበት ዓመት ሞተ። እኔ ነቀምቴ ሚሲዮን ተምሬ ተመልሼ እዚያችው ከተማ ውስጥ አስተማሪ ሆንኩ። ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ወንድም የለኝም። እናቴና እኔ ብቻ ቀረን።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ወደ ነቀምቴ ሲሄድ በእኛ ከተማ ያልፋል ተባለ። የከተማው ሹም ግራዝማች ነበርና ሕዝቡን ሰብስቦ ከተማዋ ማማር አለባት አለ። በመንገድ ዳር ያለ የእሾህ አጥር ሁሉ የገጠር መልክ ስለሚሰጠን ይነቀላል፤ በምትኩ ኖራ የተቀባ የጣውላ አጥር ይቆማል፤ ጣውላውን የሚያቀርበው እሱ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቴ አማርኛ ስለማትሰማ እሷም አብራ አጨበጨበች። ቤት ገብተን የተባለውን ስነግራት ደጅ ወጥታ አጥሩን አየች። ከዚያ፣ በአበባው ጊዜ፣ አለች፤ ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ሠራተኞቹ መጥረቢያና ዶማ ይዘው መጡ። አጥሩ በሙሉ አብቦ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለውን ሲቆርጡ እናቴ ደጅ ተቀምጣ አንጮቴ ትልጥ ነበር፤ ቀና አላለችም። እኔም ይሁን፣ የመንግሥት ነገር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ትንሽ ቆይቼ የመጥረቢያው ድምፅ ከሌላ አቅጣጫ ሲመጣ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ በእኛና በግራዝማች መካከል ያለውን የጎኑን አጥር እየጣሉት ነው፤ እየጣሉም ሥሩን በዶማ እየገነደሱ ጉድጓዱን አፈር እየመለሱበት።

ግራዝማች ራሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያል።

"ግራዝማች፣ የእንግዳው መኪና በጓሯችን ነው እንዴ የሚያልፈው?" አልኩት።

 ለአሠሪው እጁን አወናጨፈና ቤት ገባ። ያን ጊዜ ነው የድንበሩ ነገር የገባኝ። እናቴ ግን ከእኔ ቀድማ ገብቷት ነበር፤ ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች፣ ቢላዋው እጇ ላይ ነው፣ የተላጠው አንጮቴ መሬት ላይ ተበትኗል። ቀስ ብዬ ቢላዋውን ተቀበልኳት።

እንግዳው በሚያልፍበት ቀን ከተማው መግቢያ ላይ ከባሕር ዛፍ አጣና ቅስት ተሠራ። ቅስቱን በምን እንዳስጌጡት ልንገራችሁ፤ ከእኛ አጥር በተቆረጠው ቀይ አበባ ነው። ለሕዝቡ የገጠር መልክ የተባለው ዛፍ ለእንግዳው ጌጥ ሆነ። ተማሪዎቼን አሰልፌ እንዳዘምራቸው ታዘዝኩ፣ አዘመርኳቸው። መኪኖቹ ብዙ ነበሩ፣ መስኮታቸው ተዘግቷል፣ ፍጥነታቸውንም አልቀነሱም። አቧራው ሲጠራ ልጆቹ ገና እየዘመሩ ነበር፤ ከቅስቱ የረገፈው አበባ ጎማ ጨፍልቆት መንገዱ ላይ ተለጥፏል። ኖራ የተቀባውን አጥር ማንም ያየው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ግራዝማች የጎኑን የጣውላ አጥር አሠራ። ያቆመው ግን የድሮው አጥር በነበረበት አይደለም። ወደ እኛ ገፍቶ፣ ቡናውንም የምንጩንም መንገድ ጠቅልሎ ወደ ራሱ ግቢ አስገባው።

እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ቢሮው ሄደች፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ያን ጊዜ ሹም ፊት ኦሮምኛ አይነገርም። ግራዝማች እዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ሲከራከር፣ ሲቀልድ እናውቀዋለን። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን አንዲት ቃል አይሰማም። እናቴ በአክብሮት፣ በአንቱታ፣ ድንበራችንን የገፉት አውቀው ነው ወይስ ሠራተኞቹ ተሳስተው ነው ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

"ድንበርሽ የት ነበር? ነይ አሳዪኝ በያት" አለኝ።

እሷ እሱን እርስዎ ትለዋለች፣ እሱ እሷን አንቺ ይላታል፤ በዕድሜ ታላቁ ናት። እንዳለ ተረጎምኩላት፣ አላለዘብኩም። እናቴ ድንበሩ ዋሌንሱ ነበር፣ እርስዎም ያውቁታል አለች።

"ዋሌንሱ? እኔ ዋሌንሱ የሚባል አላይም። ከተማ ውስጥ ነው ያለነው። እናትሽ የውበት ነገር አልገባትም።"

"ማል ጄዼ?" አለችኝ እናቴ፤ ምን አለ ማለቷ ነው። ነገርኳት። ውበት ለሚለው ኦሮምኛውን ቃል ስነግራት አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። እንዲህ በዪው አለችኝ፤ ባሌና እኔ ድንጋይ ላይ አብቅለነዋል፣ እሱ በመጥረቢያ ቆርጦታል፣ ውበት የሚያውቀው ማን እንደሆነ ራሱ ይናገር። ይህንን አማርኛ ሳደርገው ድምፄ ከእሷ ድምፅ በላይ ሳይወጣ አይቀርም። ግራዝማች እኔን ተመለከተኝ እንጂ እሷን አልተመለከተም። አስተማሪዋ ምላስሽ ረዝሟል፣ እናስታውሰዋለን አለኝ። ወጣን።

ለወረዳው ዳኛ ከሰስን። ቀጠሮው ሲጓተት በጋው አለቀ። በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ወረዱ። አንድ ጠዋት እናቴ ከደጅ ሆና ጠራችኝ። በጣውላው ክፍተት ሳይ ከግራዝማች ግቢ ውስጥ፣ አፈሩ በተመለሰበት ላይ፣ ቀያይ ቡቃያ ወጥቷል። ዶማው ያልጨረሰው ሥር ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ እስከ ምንጩ በቀጥታ መስመር ወርዷል። አባቴ የቸከለው መስመር ነው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ካባቴ ቀብር ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ዳኛው ቦታውን ለማየት ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። ለምስክርነት የጠራነው ማንም አልቀረበልንም፤ ሁሉም ከግራዝማች ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ ነበረው። የቀረበው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው አቶ ሸምሱ ብቻ ነው። ከጉራጌ አገር መጥቶ የሱቁን ፈቃድ በግራዝማች እጅ የሚያሳድስ ሰው ነው፤ ከሁሉም በላይ መፍራት የነበረበት እሱ ነበር። በየጠዋቱ ሱቄን ስከፍት ፊት ለፊቴ ያለው ያ አጥር ነበር፣ ያለበትም ይህ ቡቃያ ያለበት ነው ብሎ በጣቱ እያሳየ መሰከረ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ቡቃያውን ነካ፣ እሾሁን አየ፣ መስመሩን በዓይኑ እስከ ምንጩ ተከተለ። አየሁት፤ አምኗል። ፍርዱን ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚሁ ቆሜ እሰጣለሁ አለ።

ግራዝማች ለዚያ ቀጠሮ አልተዘናጋም። ጥማድ በሬ አስገብቶ መሬቱን ደጋግሞ አሳረሰው። ሥሩን አስለቀመ፣ ከምሮ አቃጠለው፣ በቆሎ ዘራበት። የአባቴን ቡና ሳይቀር አስነቅሏል። ጭሱ ቤታችን ድረስ ሲገባ እናቴ በሩን ዘጋች።

ዳኛው ሲመጣ በቆሎው በቅሏል። ያው ዳኛ፣ ያው ቦታ ላይ ቆመ። እናቴ በእኔ አፍ፣ ጌታዬ ባለፈው በእጅዎ ነክተውት ነበር አለችው። መሬት መሬቱን እያየ፣ "ዛሬ የማየው በቆሎ ነው" አለ። ፍርዱ ይኸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ተነሱ። አንዱም ዓይናችንን አላየም። ግራዝማች እንግዶቹን ማር አቅርቤያለሁ፣ ግቡ አላቸው፣ ገቡ።

ስለ ንዴት ሰው ሲያወራ ደም ፈላ ይላል። የእኔ አልፈላም፣ ቀዘቀዘ። በዚያ በዝናብ ጭቃ ላይ ቆሜ ከቤቱ የሚመጣውን ሳቅ ስሰማ፣ ድንጋይ አንስቼ መስኮቱን ብሰብረው የምታሰረው እኔ እንደሆንኩ፣ እናቴ ደግሞ ብቻዋን እንደምትቀር አሰብኩ። ድንጋዩን አላነሳሁም። ዛሬም ምነው ባነሳሁት ኖሮ እላለሁ።

በማግስቱ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን ሴቶች ጠራች። ወደ ወንዝ ወርደን የዋሌንሱ ቅርንጫፍ በትከሻችን ተሸክመን መጣን፤ ግራዝማች በረንዳው ላይ እያየን፣ የጣውላውን አጥር ተከትለን በእኛ በኩል ቸከልነው። እጃችን ደምቷል። አንዷ ሴት፣ ዲንቂቱ፣ እንግዲህ ይህን ድንበር ብለሽ ተቀበልሽለት ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ፣ አልተቀበልኩም፣ ከዚህ በኋላ ግን አንድ እርምጃ አይገፋም አለች። እውነትም አልገፋም። ዋሌንሱው ጸደቀ።

ግራዝማች ግን እኔን አስታውሶኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ዲዴሳ በረሃ መዛወሬ ተነገረኝ። ያኔ ወባው ሰው ይጨርስ ነበር። ሥራዬን ብተው ሁለታችንም የምንበላው የለንም፤ ሄድኩ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ውሃ የምትቀዳው በዋናው መንገድ ዞራ፣ ከከተማው ወርዳ፣ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነው። የራሷ ምንጭ በጣውላው ማዶ ሲፈስ ከአልጋዋ ሆና ትሰማዋለች። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ጀርባዋ ጎብጦ ነው የማገኛት። ግራዝማች አንድ ጊዜ በሠራተኛው በኩል፣ ከፈለገች መጥታ ትቅዳ ብሎ ላከባት። ያንን መልእክት ሲልክ ደግ ሰው የሆነ ሳይመስለው አልቀረም። እናቴ ለላከው ሠራተኛ ጭኮ ሰጥታ አብልታ፣ አልመጣም በልልኝ ብላ መለሰችው። በአንድ የክረምት ቀን ከእንስራው ጋር ዳገቱ ላይ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

ዘመኑ ተለወጠ፤ አብዮቱ መጣ፤ የግራዝማችም መሬት ተወሰደበት። ሰዎች እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ለምን ደስ ይበለኝ? መሬቱ ላይ መጋዘን ተሠራ እንጂ ማንም መጥቶ ይህ የዲንቂቱ ነበር አላለም። አቶ ሸምሱም ፈቃዱን የተነጠቀው በመሰከረበት ዓመት ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ወዴት እንደሄደ ሳላውቅ ቀረሁ። ማመስገን የነበረብኝ ያንን ሰው ነበር።

ይህንን ለልጄ ከነገርኳት በኋላ ወሬው በእሷ በኩል ወጣቱ ቄሳችን ጋ ደርሶ ኖሮ ትናንት ሊጠይቀኝ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ከጸሎት በኋላ እጄን ይዞ፣ አዴ፣ ይቅር ይበሉት፣ ለራስዎ ጤና ይጠቅማል አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ይቅር ብዬዋለሁ፣ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ድምፄን አሰምቼ አልኩት፤ እውነቴን ነው። ታዲያ ምን ቀረ አለኝ።

የቀረውን ለማስረዳት ሞከርኩ። ይቅርታ ለሰውየው ነው፣ በእኔና በእሱ መካከል። የተደረገው ነገር ግን የተደረገው በእናቴ ላይ ነው፣ እሷም ማንንም ይቅር በዪልኝ ብላ አልላከችኝም። ዳኛ ነክቶት ካደ፤ ሽማግሌ አይቶት ማር በላበት፤ መንግሥት ሲለወጥ አዲሱም አልጠየቀም። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ነገሩን በስሙ የጠራ አንድ የሱቅ ሰው ብቻ ነው። ቁጣዬ የጤና ጉዳይ ነው ብሎ ማሰብ እኔን ሕመምተኛ ያደርገኛል፤ እኔ ሕመምተኛ አይደለሁም፣ ምስክር ነኝ።

ቄሱም፣ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ምንም አልኩት። መሬቱን ምን አደርገዋለሁ፣ ምንጩም ደርቋል ይባላል። አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ሲናገረው መስማት ነበር የምፈልገው። እስካሁን የተናገረው ስለሌለ እኔው ጽፌዋለሁ፤ ከመንገዱ እስከ ምንጩ ያ መሬት የአዴ ዲንቂቱ ነበር።